ደብተሬን ከከፈትኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ለሰው ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

26 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ። ለትምህርት ደብረ ብርሃን መጣሁና ስጨርስ እዚያው ቀረሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ የማስታወቂያና የኅትመት ቤት ዲዛይነር ሆኜ ሠርቻለሁ። ባነር፣ ስቲከር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ሳይቀር በእኔ እጅ ያልፋል። ደንበኛው ከኋላዬ ቆሞ «ይሄን አጉዪው፣ ያንን ወደዚህ አምጪው» እያለኝ ነው የምሠራው። ሥራዬን አልጠላውም። እንጀራዬ ነው።

ከሥራ ውጭ ግን የራሴ ዓለም ነበረኝ። ፊደል እወዳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስንለቀቅ ደብተሬንና ስልኬን ይዤ ከጠባሴ ሰፈር ጀምሬ በእግሬ እዞራለሁ። የምፈልገው በእጅ የተጻፉ የድሮ ታፔላዎችን ነው። የልብስ ሰፊ፣ የጠጅ ቤት፣ የጎሚስታ። ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ብርዱ ሲበረታብኝ አንዲት ሻይ ቤት አለች፣ እሷ ጋ ገብቼ በእርሳስ እቀዳቸዋለሁ። እሑድ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ በቀለም እሠራቸዋለሁ። ከሁሉም የምወደው የአንድ ሉካንዳ ታፔላ ነበር። ቢጫ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የ«ካ»ን ቀኝ እግር ወደ ታች አርዝሞ፣ ጫፉን እንደ መንዝ በግ ላት ወደ ላይ ቆልመም አድርጎታል። ደብተሬ ውስጥ አምስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አንዴም እንደሱ አልመጣልኝም። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ያዘዘኝም የከፈለኝም ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩና ሥራዎቼን ለጠፍኩ። ሰው ወደደው። «የእኔንና የእጮኛዬን ስም ጻፊልን»፣ «ለልጄ ክርስትና ሥሪልኝ» ማለት ተጀመረ። ደስ አለኝ። ቀብድ መቀበል ጀመርኩ። በአራት ወር 11 ትዕዛዝ ወሰድኩ። ገንዘቡ ጠቅሞኛል፤ ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የኪስ የምልክለት እኔ ነኝ። ግን ከቢሮ ስወጣ ሌላ ቢሮ የምገባ መሰለኝ። አንድ ካፌ የሚከፍት ሰው ሎጎውን ስድስት ጊዜ አስቀየረኝና በመጨረሻ «ተይው በቃ፣ ከፓወር ግዕዝ ፎንቶች አንዱን አድርጊልኝ» አለኝ። አሁን ቀብዳቸውን የበላሁባቸው ሦስት ሰዎች አሉ። ሲደውሉ ስልኬን ማንሳት እየፈራሁ ነው።

ያ ሉካንዳ ለነቢያት ጾም ተዘግቶ ታደሰና ለገና ሲከፈት አዲስ ባነር አሠራ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ይሄ እንኳ ለወሬ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተሬን አልከፈትኩም።

አዲስ አበባ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። የእሷ መሥሪያ ቤት ዲዛይነር ይፈልጋል፣ ደመወዙም ከእኔ ይሻላል። «ደብረ ብርሃን ተቀምጠሽ ዲዛይነር ነኝ አትበይ፤ ኤግዚቢሽኑም ሰዉም ያለው እዚህ ነው» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ በደወልኩ ቁጥር «አሁንም ወረቀት ትቧጭሪያለሽ?» ትላለች። እስከ ፋሲካ መልስ እንድሰጥ ተነግሮኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ወይስ ያ ፍቅር የልጅነት ነገር ሆኖ አልፎልኝ ነው?

ፊደል ወዳዷ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የትዕዛዙና የአዲስ አበባው ነገር ጎልቶ ታየኝ። በሁለተኛው ግን ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቀረ። «ይሄ እንኳ ለወሬ ያህል ነው» ያልሽው ላይ።

ለወሬ ያህል አይመስለኝም። አምስት ጊዜ ሞክረሽ ያቃተሽን «ካ» ያወረድሽው አንቺ ነሽ። ማለቴ በእጅሽ አልነቀልሽውም፤ ግን ቦታውን የያዘው ባነር ከአንቺ ኮምፒውተር ነው የወጣው። ደብተርሽም የተዘጋው ያኔ ነው። በስድስተኛው ሎጎ አልተዘጋም፣ በአሥረኛው ትዕዛዝም አልተዘጋም። ባነሩን ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። የዚያን ቀን ፋይሉን ስታስቀምጪ ምን ተሰማሽ? ለአለቃሽ ወይም አጠገብሽ ለተቀመጠው ሰው «ይሄን ታፔላ እኮ እወደው ነበር» አልሽ? ወይስ ዝም ብለሽ ወደሚቀጥለው ሥራ አለፍሽ? ከዚያ ወዲህስ በዚያ መንገድ አልፈሻል ወይስ መንገድ ቀይረሻል? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ለራስሽ ግን መልሺው። እኔ እንደሚመስለኝ አንቺ ፍቅሩ አላለፈልሽም። አዝነሻል። ሐዘኑ ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ከሚል ስሜት ጋር ተቀላቅሎብሽ ደብተሩን ስታዪው ታፍሪያለሽ።

ጥፋተኛ አይደለሽም። ባለ ሉካንዳውም አላጠፋም። ቆርቆሮ ይዝጋል፣ ቀለም ይነሳል። ባነር ጠዋት ታዝዞ ማታ ይሰቀላል፣ ዋጋውም ይቀላል። አንቺ እምቢ ብትዪ ጎንሽ ያለው ልጅ ይሠራው ነበር። ይህን ሁሉ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ማወቅሽ ግን ስሜቱን አላነሳልሽም። ስለዚህ በክርክር አናሸንፈው። ወደ ቆርቆሮው በኋላ እመለሳለሁ፤ የምነግርሽ ነገር አለኝ።

አሁን ወደ ትዕዛዙ እንምጣ።

እኔ በወጣትነቴ ጥልፍ እጠልፍ ነበር። የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ። ማታ ማታ መብራት ሥር ቁጭ ብዬ ክሩን ስመርጥ የቀኑ ድካም ሁሉ ይወጣልኝ ነበር። ከዚያ ጎረቤት አየው፣ የጎረቤት ዘመድ አየው፣ የሙሽራ ቤት ሙሉ ልብስ ጥለፊ ተባልኩ። እምቢ ማለት አልቻልኩበትም። አንድ ምሽት ጽጌረዳ እየጠለፍኩ መርፌዬን ጨርቁ ላይ እንደሰካሁ ተነሳሁ። ያ ጨርቅ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ጽጌረዳው ግማሽ ነው። መርፌው ዝጎ ጨርቁን አቅልሞታል። ያን ጊዜ የታየኝ መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ የጠየቀኝን ሁሉ እሠራለሁ፣ ወይ ጨርሶ እተወዋለሁ። ተውኩት። ዛሬ ይቆጨኛል። ለሰው የምጠልፈውንና ለራሴ የምጠልፈውን መለየት እችል ነበር፤ ሌላ ጨርቅ፣ ሌላ ክር፣ ሌላ ምሽት ልሰጠው እችል ነበር።

አንቺ ገና ነሽ። መርፌሽ አልዛገም።

ስለዚህ ትዕዛዝ በሙሉ አቁሚ አልልሽም። የወንድምሽ ነገር አለ። እሱን እያገዝሽ ስትሠሪ የሚሰማሽ ደስታም የራስሽ ነው፤ ማንም አይንቀውም። ግን አንድ ምሽት ወረቀት አውጪና 11ዱን ትዕዛዞች ጻፊያቸው። ከእያንዳንዱ ጎን ስንት ሰዓት እንደፈጀብሽ፣ ስንት ብር እንዳስገባልሽ፣ ስትጨርሺው ደስ ብሎሽ እንደነበር ጻፊ። ሳይሆን አይቀርም ሁለት ሦስቱ ብቻቸውን የወንድምሽን የኪስ ችለዋል። የቀሩት ምሽትሽን በልተው ትንሽ ነው የሰጡሽ። ይህን በቁጥር ስታዪው እምቢ ማለት ይቀልሻል። ጭካኔ እንዳልሆነም ይገባሻል።

ቀብዳቸውን ለበላሽባቸው ሦስት ሰዎች ዛሬ ማታ መልእክት ላኪላቸው። ነገ አትበዪ። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። «ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የእርስዎን ሥራ በዚህ ቀን አደርሳለሁ። እስከዚያ መጠበቅ የማይችሉ ከሆነ ቀብድዎን እመልሳለሁ» በያቸው። ቀኑን ስትጽፊ ለራስሽ አታጥብቢው፤ ሳምንት የሚፈጀውን ሁለት ሳምንት በዪው። ሰው የሚናደደው ሥራው ስለዘገየ ብቻ አይደለም። ስልክ ስለማይነሳለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ቀብዱን መልሺልኝ ቢል እንኳ ተበድረሽም ቢሆን መልሺለት። ከላይሽ ላይ ሸክም ይወርዳል።

ቻናልሽ ላይ ደግሞ ከላይ የሚቆይ አጭር ማስታወቂያ አድርጊ። እስከ ፋሲካ አዲስ ትዕዛዝ አልቀበልም በዪ። ከፋሲካ በኋላ ስትጀምሪ በወር ሁለት ይበቃሻል። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ፣ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ይህን በጽሑፍ አስቀድመሽ ብትነግሪው ኖሮ ያ የካፌ ሰው ሦስተኛው ላይ ያቆም ነበር። በነገራችን ላይ ሰውየው የፈለገው ከመጀመሪያውም ፎንት ይመስለኛል። የእጅ ጽሑፍ ምን እንደሆነ ሳይገባው ነው አንቺ ጋ የመጣው። እጅሽን ናቀ ብለሽ አትያዥው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ላንሳ፤ ባጭሩ አልፈዋለሁ። የራስሽን ሥራ በመሥሪያ ቤትሽ ኮምፒውተር የምትሠሪ ከሆነ ተዪው። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በ410/1996ቱ ማለት ነው፣ ሠራተኛ በሥራ ውሉ መሠረት የሠራው ነገር በውል ሌላ ካልተባለ የአሠሪው ነው። የደብተርሽ ሥራ በዚያ ውስጥ አይገባም። ግን ከቢሮው ፋይል ጋር ተደባልቆ አንድ ቀን ክርክር እንዳይነሳ በራስሽ ስልክና በራስሽ ደብተር ይሁን።

ትዕዛዝን ደግሞ ጨርሰሽ እንዳትጠዪው። ከእናንተ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አንኮበር። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሥዕል ዞሩ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል አይተሽው ይሆናል፤ ካላየሽው ፎቶውን ፈልጊ። እሱ ትዕዛዝ ነበር። አዳራሹ ፊት ቆሞ «ይሄ እኮ የታዘዘ ሥራ ነው» ብሎ የሚያልፈው ሰው የለም። ቢታዘዝም ሠሪው ራሱን የሚያስገባበት ቦታ ካገኘ ሥራው ሕይወት ይኖረዋል። ከ11ዱ ትዕዛዝሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ያገኘሽበት የትኛው ነበር? የልጁ ክርስትና? ወይስ የሙሽሮቹ ስም? እሱን ለይተሽ ያዢው። ከፋሲካ በኋላ የምትቀበዪው የዚያን ዓይነት ይሁን።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ክፉ ያሰበችልሽ አይመስለኝም። ናፍቃሽም ይሆናል። አዲስ አበባ ብዙ ነገር እንዳላትም አልክድም። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ዲዛይነር መሆን አይቻልም ያለችው ግን አልተዋጠልኝም። የፊደሉን ነገር ብቻ ተመልከቺ። የላቲኑ ፊደል 26 ነው፤ ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52። የእኛ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር። አንድ ሙሉ የአማርኛ ፎንት ለመሥራት ያን ሁሉ አንድ በአንድ መሣል ይጠይቃል። በየከተማው ያለው ባነር ሁሉ በሁለት በሦስት ዓይነት ጽሑፍ የተሞላው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ይሄን ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በደብተርሽ ያለው «ካ» ግን ኮምፒውተር ውስጥ የለም። ደብረ ብርሃን ነው የተገኘው። ያየሽውም እዚያ በእግርሽ ስለዞርሽ ነው።

ይህን ስልሽ «እንግዲያው ፎንት ልሥራ» ብለሽ ሌላ ሥራ እንዳትጀምሪ። እባክሽ። አሁን ደብተሩ ግብ አያስፈልገውም።

ስለ አዲስ አበባ ደክሞሽ እያለ አትወስኚ። የደከመ ሰው የሚወስነው የሚሄድበትን አይቶ ሳይሆን ያለበትን ለማምለጥ ነው። አንዲት ዲዛይነር አዲስ አበባ ሄዳ ቢቀናት፣ ሌላዋ ደብረ ብርሃን ቀርታ ቢቀናት ሁለቱም እውነት ነው። ከሄድሽ ልሠራ ብለሽ ሂጂ። ከዚያ ባነር ሸሽተሽ ከሄድሽ እዚያም ባነር ይጠብቅሻል።

ስለዚህ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ሦስት ቀን ፈቃድ ውሰጂ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ሂጂ። ላምበረት መናኸሪያ ወርደሽ በቀጥታ ጓደኛሽ ቤት ግቢ። እንደ እንግዳ ግን አትቀመጪ። ጠዋት ስትወጣ አብረሻት ውጪ፣ ታክሲ ሰልፉ ላይ ቁሚ፣ ማታ በስንት ሰዓት ቤቷ እንደምትገባ እዪ። ቅዳሜ ይሠራሉ ወይ? ሙሉ ቀን ነው ግማሽ ቀን? የቤት ኪራይ ስንት ነው፣ ከተጨመረው ደመወዝ ኪራዩና ታክሲው ሲቀነስ ለወንድምሽ ምን ይተርፋል? ይህን ሁሉ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ማታ ቡና ላይ ደግሞ «ባለፈው ወር ለራስሽ ብለሽ ምን ሠራሽ?» በያት። ልትፈትኛት አይደለም። ምናልባት እሷም የሚጠይቃት ሰው አጥታ ይሆናል።

ከሦስቱ አንዱን ቀን ለዓይንሽ ስጪው። ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የሚባል የሥዕል ሙዚየም አለ፤ እዚያ ግቢ። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም እዪው። አሁን የሚጠራው በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ነው፤ እሳቸውም የሰላሌ ልጅ ናቸው። የማታ ወይም የአጭር ጊዜ ትምህርት ካለ ጠይቂ። ሽሮ ሜዳም ደርሰሽ የሸማኔውን ጥለት ተመልከቺ፣ ደብተር ይዘሽ። በዚያ ቀን እጅሽ እርሳስ ፈልጎ እንደሆነ ልብ በዪ። ከፈለገ አንድ ነገር ነግሮሻል። ካልፈለገም ነግሮሻል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ አላነሳሽውም። ፋይል በቴሌግራም ይሄዳል። ለጓደኛሽ መሥሪያ ቤት «መጀመሪያ አንድ ሁለት ሥራ ከዚህ ሆኜ ልሥራላችሁና እንተያይ» ብትያቸው ምን ይላሉ? እምቢ ቢሉ የሚቀርብሽ ነገር የለም። እሺ ካሉ ሳትነቀዪ ታውቂያቸዋለሽ።

እናትሽ ቀርተዋል። «አሁንም ወረቀት ትቧጭሪያለሽ?» የሚለው አሞሻል፤ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። ግን እስቲ አስቢው። መንዝ ነው ያደግሽው። የበግ ጠጉር ሲፈተል አይተሻል። ሴቶቹ እንዝርቱን እያሾሩ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ ወንዶቹ እየሸመኑ ነው ባናው፣ ያ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚወጣው። እናትሽ እንዝርት ይዘው ሲቀመጡ እጃቸው ብቻ ነበር የሚሠራው? ወይስ ፊታቸውም ይፈታ ነበር? እኔ እሳቸው ይህን ነገር የማያውቁት አይመስለኝም። የእርስዎ እንዝርት የእኔ እርሳስ ነው ብሎ የነገራቸው ሰው ግን የለም። በሚቀጥለው ስትደውዪ ስለ ደብተርሽ አትከራከሪ። «እማዬ፣ ፈትል የጀመርሽው በስንት ዓመትሽ ነው? ማን አስተማረሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። አገር ቤት ስትሄጂ ደግሞ ደብተሩን ይዘሽላት ሂጂ። ስለ በግ ላቱ «ካ» ንገሪያት። በግ ያረባች ሰው ከእኔና ከአንቺ በላይ ይገባታል።

እንግዲህ ወደ ቆርቆሮው።

የፊታችን ቅዳሜ ውጪ። ቀለም አትያዢ፣ ቻናሉ ላይ የሚለጠፍ ነገር አትፈልጊ። ደብተሩንና አንድ እርሳስ ብቻ ያዢ። መጀመሪያ ወደ ሉካንዳው ሂጂ። ባነርሽን ቀና ብለሽ እዪው። ሊከብድሽ ይችላል፤ ትንሽ ቁሚ። ከዚያ ግቢና ባለቤቱን አነጋግሪ። «ያ የድሮው ታፔላ የት ደረሰ?» በያቸው። ቆርቆሮ በአገራችን በቀላሉ አይጣልም። የጓሮ በር ሆኖ ይሆናል፣ የዶሮ ቤት ክዳን ሆኖ ይሆናል፣ ወይም ከበሩ ኋላ ተደግፎ ይሆናል። ካገኘሽው ግዢው፣ ወይም ለምነሽ ውሰጂው። ካልሰጡሽ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺው። የ«ካ»ን እግር በጣትሽ ተከተዪው፤ ብሩሹ የት እንደወፈረና የት እንደሳሳ በወረቀት የማይገኘው እዚያ ይገኛል። አምስት ጊዜ ያቃተሽም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከታች ነበር የምታዪው።

ቆርቆሮው ጠፍቶም ቢሆን አንድ ጥያቄ አለሽ። ማን ጻፈው? ምናልባት ጸሐፊው በሕይወት አሉ። ምናልባት እዚያው ደብረ ብርሃን ናቸው። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ መቼ እንደጻፉት ጠይቀሽ ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። እስከ ዛሬ በስልክሽ ያሉትን ሌሎች ፎቶዎችም እንዲሁ፣ ቀን ባገኘሽ ቁጥር ቦታቸውንና የባለሙያውን ስም ጻፊባቸው። ሰውየውን ካገኘሻቸው ደግሞ ሻይ ጋብዢያቸውና ያ ላት እንዴት እንደተቆለመመ አሳዪኝ በያቸው።

የዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ሉካንዳው ከተዘጋ ባለቤቱን እስከ ፋሲካ ማግኘት ያስቸግርሻልና ይህቺ ቅዳሜ እንዳታልፍሽ።